በካርታ ላይ የደመቀ መስመር ሁሉ ዋና መንገድ ነውን? የጋራ ካርታዎች መንገድን እንዴት ይመድባሉ፣ እንዴትስ ያሳያሉ?



ወሩ ሐምሌ ነው እንበል። በአንድ የወሎ ገጠር ቀበሌ አንዲት እህት ምጥ ይዟታል። አምቡላንሱ ከወረዳው ከተማ ተነሥቷል፤ ሹፌሩ ግን ለአካባቢው አዲስ ነው። ስልኩን ከፍቶ የቀበሌዋን ስም ሲፈልግ ካርታው ሁለት መንገድ ያሳየዋል። አንዱ ወፍራምና ቀለም ያለው፣ ሌላው ቀጭን ነጭ መስመር ነው። ሹፌሩ ማንም ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ወፍራሙን ይይዛል። ከአርባ ደቂቃ ጉዞ በኋላ ድልድይ የሌለው ወንዝ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ያ የተናቀው ቀጭን መስመር ደግሞ ጠጠር የፈሰሰበት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ነበር።

ይህ ጉዳዩን ለማስረዳት ያቀረብነው ምሳሌ ነው። ነገር ግን የገጠር መንገድን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም፤ የስልኩም አይደለም። አንድ ቀን አንድ ሰው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ያንን መስመር ሲሥል ከፊቱ ካለው ዝርዝር ውስጥ «ይህ መንገድ ደረጃው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ መርጧል። የመስመሩ ውፍረትም ቀለሙም የመጣው ከዚያ ምርጫ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ምርጫ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሳሳትና እኛ ምን ማድረግ እንደምንችል እንመለከታለን።

የጋራ ካርታ ስንል

ሁሉም ሰው እንደ ዊኪፒዲያ ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው የዓለም ካርታ አለ፤ ስሙ ኦፕንስትሪትማፕ ይባላል። እ.ኤ.አ በ2004 ስቲቭ ኮስት በተባለ እንግሊዛዊ ተጀመረ። በወቅቱ በእንግሊዝ የመንግሥት የካርታ መረጃ በክፍያና በጥብቅ ፈቃድ የሚገኝ ስለነበር፣ «እኛው ራሳችን ዞረን ለምን አንሠራውም?» ከሚል ሐሳብ ነው የተነሣው። ዛሬ የተመዘገቡት ተጠቃሚዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። መረጃውን ማንም ሰው በነጻ መጠቀም ይችላል፤ ግዴታው ምንጩን መጥቀስና መረጃውን አሻሽሎ ሲያሰራጭ በዚያው ነጻ ፈቃድ ማጋራት ነው።

ይህ ካርታ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የታየው እ.ኤ.አ በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ነው። በጎ ፈቃደኞች ከየቤታቸው ሆነው የሳተላይት ምስል እያዩ የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሣሉ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። ከዚያ ልምድ የሰብአዊ ዕርዳታ የካርታ ቡድን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ በ2014 ደግሞ የአሜሪካና የብሪታንያ ቀይ መስቀል፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና ይኸው ቡድን «ሚሲንግ ማፕስ» የተባለውን ሥራ ጀመሩ። ዓላማው በካርታ ላይ የሌሉ ተጋላጭ አካባቢዎችን አደጋ ከመድረሱ በፊት መሣል ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት እንደ ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉ የስልክ መተግበሪያዎችም ካርታቸውን የሚወስዱት ከዚሁ ነው።

መረጃው ሌላ፣ ሥዕሉ ሌላ

ብዙ ሰው ካርታን እንደ ሥዕል ያስበዋል። የጋራ ካርታ ግን በመሠረቱ ሥዕል አይደለም፤ መዝገብ ነው። አንድ መንገድ በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው ተራ በተራ የተያያዙ ነጥቦች ሆኖ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ አለው። በነጥቦቹ መስመር ላይ ደግሞ መለያዎች ይለጠፋሉ። አንዱ መለያ የመንገዱን ደረጃ ይናገራል። ሌላው ስሙን፣ ሌላው ንጣፉ አስፋልት፣ ጠጠር ወይም አፈር መሆኑን፣ ሌላው አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆን አለመሆኑን፣ ሌላው ድልድይ መኖሩን ይናገራል።

ልብ እንበል፤ ከነዚህ መለያዎች መካከል «ቀይ» ወይም «ወፍራም» የሚል የለም። ቀለምና ውፍረት የሚመጡት በኋላ ነው። መረጃውን ተቀብሎ ሥዕል የሚያወጣው ሌላ ፕሮግራም «ይህ ደረጃ ያለውን በዚህ ቀለም፣ በዚህ ስፋት ሣል» የሚል ደንብ ይዟል። ስለዚህ አንዱ መዝገብ ብዙ ሥዕል ይወልዳል። የብስክሌት ካርታው የብስክሌት መንገድን ያጎላል፤ የሰብአዊ ዕርዳታው ካርታ በአደጋ ጊዜ የሚፈለገውን ያጎላል፤ በስልካችን ያለው ደግሞ የራሱ ቀለም አለው። መንገዱ ግን አንድ ነው።

የደረጃዎቹ መሰላል

የመንገድ ደረጃዎቹ ስያሜ የተወሰደው ሥራው ከተጀመረበት ከእንግሊዝ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲዘረዘሩ እንዲህ ናቸው፦

ሞተርዌይ፦ ሁለቱ አቅጣጫዎች የተለያዩበት፣ መግቢያና መውጫው የተወሰነ የፍጥነት መንገድ።

ትራንክ፦ ከዚያ ቀጥሎ ያለ፣ ታላላቅ ከተሞችንና ድንበሮችን የሚያገናኝ የአገር ግንድ መንገድ።

ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ እና ተርሸሪ፦ በቅደም ተከተል አነስ ያሉ ከተሞችን፣ የወረዳ ማዕከሎችንና ትልልቅ መንደሮችን የሚያያይዙ።

አንክላሲፋይድ፦ መንደርን ከመንደር የሚያገናኝ ዝቅተኛው የመተላለፊያ መንገድ።

ሬዚደንሻል፦ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ መንገድ።

ሰርቪስ፦ ወደ አንድ ግቢ፣ ማደያ ወይም መኪና ማቆሚያ የሚያስገባ።

ትራክ፦ ወደ እርሻ ወይም ወደ ጫካ የሚወስድ፣ መኪና ሊገባበት የሚችል መንገድ።

ፓዝ እና ፉትዌይ፦ ለእግረኛና ለከብት የሚሆኑ።

ከነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያሳስተው «አንክላሲፋይድ» ነው። ቃሉን በቀጥታ ስንተረጉመው «ያልተመደበ» ማለት ስለሚሆን ብዙዎች «ደረጃውን ያላወቅሁት መንገድ» ማለት ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። በእንግሊዝ የመንገድ አስተዳደር ቁጥር ያልተሰጠው ትንሽ የሕዝብ መንገድ በዚህ ስም ስለሚጠራ ቃሉ እንዳለ ተወሰደ። በጋራ ካርታው ራሱን የቻለ ደረጃ ነው። ደረጃው በውል ላልታወቀ መንገድ «ሮድ» የሚል ሌላ ጊዜያዊ መለያ አለ።

የእንግሊዝ ሚዛን በኢትዮጵያ ምድር

እዚህ ላይ ዋናው ችግር ይመጣል። በእንግሊዝ ትልቅ ደረጃ ያለው መንገድ ብዙውን ጊዜ ሰፊና አስፋልት ነው፤ ደረጃውም ጥራቱም አብረው ይሄዳሉ። በእኛ አገር ሁለቱ ይለያያሉ። ሁለት የወረዳ ከተሞችን የሚያገናኘው ብቸኛ መንገድ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ በአዲስ አበባ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚዞረው አጭር መንገድ ደግሞ ያማረ አስፋልት ይሆናል። ታዲያ ማንኛው ነው የሚበልጠው?

መልሱ፦ ደረጃ የሚሰጠው ለአገልግሎቱ ነው እንጂ ለንጣፉ አይደለም። ለአፍሪካ አገሮች የካርታ ሠሪዎች የተስማሙበት መመሪያም ይህንኑ ይላል። መጠየቅ ያለበት «መንገዱ ማንን ከማን ጋር ያገናኛል?» ነው። ንጣፉ በራሱ መለያ ይመዘገባል። ስለዚህ ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኘው የጠጠር መንገድ ሰከንደሪ ወይም ተርሸሪ ይሆንና «ንጣፍ፦ ጠጠር» ይባላል፤ የኮንዶሚኒየሙ መንገድ ሬዚደንሻል ይሆንና «ንጣፍ፦ አስፋልት» ይባላል።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የመንገድ አስተዳደር ራሱ መንገዶችን በአምስት ይከፍላል፦ አዲስ አበባን ከዓለም አቀፍ ድንበሮችና ከታላላቅ ማዕከሎች ጋር የሚያገናኙ ግንድ መንገዶች፣ ዋና ዋና ከተሞችን እርስ በርስ የሚያያይዙ አገናኝ መንገዶች፣ ዋና መዳረሻ መንገዶች፣ ሰብሳቢ መንገዶች፣ በመጨረሻም እንደ ገበያ ያሉ አነስተኛ ማዕከሎችን ወደ ሌላው መረብ የሚያስገቡ መጋቢ መንገዶች። ይህም ክፍፍል የሚነሣው ከንጣፉ ሳይሆን ከሚያገናኘው ቦታ ነው።

ከአናቱ ብንነሣ እ.ኤ.አ በ2014 የተከፈተውና 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ «ሞተርዌይ» የሚለውን ማዕረግ በትክክል ያሟላል፤ በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለው፣ መግቢያና መውጫው የተወሰነ ነው። ክፍያ ማስከፈሉ ግን አይደለም ማዕረጉን የሰጠው። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደው መንገድም ያስከፍላል፤ ሆኖም መሐሉ ያልተከፈለ መንገድ ስለሆነ በክፍያው ብቻ ሞተርዌይ አይባልም። ክፍያም እንደ ንጣፍ የራሱ መለያ አለው።

ከግርጌው ደግሞ ትልቁ ጥንቃቄ በአንክላሲፋይድና በትራክ መካከል ነው። ከሳተላይት ሲታዩ ሁለቱም ቡናማ ክር ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ መንደር ጋ መድረሱ፣ ሌላው ማሳ ጋ ማለቁ ነው። ሰው የሚኖርበትን ቀበሌ የሚያገናኝ መንገድ አፈር ስለሆነ ብቻ «ትራክ» ከተባለ፣ ያ ቀበሌ በካርታ ቋንቋ መንገድ የለውም እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ ከ2010 ወዲህ በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ እንዲገናኙ ተሠርቷል። የድሮ የሳተላይት ምስል አይቶ የሚሥል ሰው ይህንን ለውጥ አያየውም።

ጁገል፦ መኪና የማያውቀው ከተማ

ሚዛኑ ይበልጥ የሚፈተንበት ቦታ የሐረር ጁገል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ በግንብ የታጠረ ከተማ 82 መስጂዶችን የያዘ ነው፤ ቤት ከቤት የሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎችም እንደ ድር የተጠላለፉ ናቸው። ከበሩ እስከ ፈረስ መጋላ መኪና የሚገባበት መንገድ አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ግን አብዛኛው ለሰውና ለአህያ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዎች ከተደረደሩበት፣ ከስፌት መኪናው ድምፅ ስሙን ካገኘው መኪና ግርግር መኪና ነድቶ ለማለፍ የሚሞክር የለም።

ሐረርን ያላየ ሰው በሳተላይት አይቶ «ሰፈር ውስጥ ያለ መንገድ ነው» ብሎ ሁሉንም ሬዚደንሻል ቢላቸው ምን ይፈጠራል? የስልኩ ፕሮግራም እንግዳውን ሹፌር ወደ አንድ ሜትር ተኩል ስርጥ ያስገባዋል። የእሳት አደጋ መኪናም መድረስ በማይችልበት በር «ትደርሳለህ» ይባላል። ትክክለኛው መለያ የእግረኛ መንገድ የሚለው ነው። እዚህ ቀጭን መሆን ውርደት አይደለም፤ እውነት ነው።

ቀለሙ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። የኦፕንስትሪትማፕ መደበኛ ማሳያ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእንግሊዝን የመንገድ ካርታ ቀለም ይከተል ነበር፦ ሞተርዌይ ሰማያዊ፣ ትራንክ አረንጓዴ፣ ፕራይመሪ ቀይ። ለእንግሊዞች የለመዱት ነው፤ ለሌላው ዓለም ግን ግራ ያጋባል። ሰማያዊው መስመር ወንዝ፣ አረንጓዴው ደግሞ በደን መካከል ሲያልፍ የደን አካል ይመስላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ በ2015 ቀለሞቹ ተለወጡ። ዛሬ ሞተርዌይ ወደ ቀይ የሚወስድ ሮዝ ነው፤ ደረጃው ሲወርድ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ እየፈዘዘ ሄዶ ተርሸሪና ከዚያ በታች ያሉት ነጭ ይሆናሉ። ትራክ ቡናማ ቁርጥራጭ መስመር፣ የእግረኛ መንገድ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር የርቀት ጉዳይ ነው። ካርታውን ስናቀርብና ስናርቅ ደረጃ በደረጃ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ አንድ እርምጃ ሥዕሉን በርዝመትም በወርድም እጥፍ ያደርገዋል። መላ አገሪቱ በአንድ ስክሪን ስትታይ የሰፈር መንገድ ሁሉ ቢሣል ካርታው አንድ ጥቁር እድፍ ይሆናል። ስለዚህ ከሩቅ የሚታዩት ሞተርዌይና ትራንክ ብቻ ናቸው፤ ስንቀርብ ፕራይመሪና ሰከንደሪ፣ ይበልጥ ስንቀርብ የሰፈር መንገዶች ይከተላሉ።

ይህ ደንብ ጥቅጥቅ ላለ የአውሮፓ ከተማ ተስማሚ ነው። ሰው በተበታተነበት አካባቢ ግን ጉድለት አለው። በሶማሌ ወይም በአፋር ክልል ለመቶ ኪሎ ሜትሮች ብቸኛ የሆነ የአፈር መንገድ በደረጃው ዝቅተኛ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ቦታው ባዶ ይመስላል። ባዶ የመሰለ ቦታ ደግሞ የዕቅድ አውጪ ዓይን አያርፍበትም።

ለማሳያው ብሎ መዋሸት

ከዚህ ጉድለት አንድ ፈተና ይወለዳል። አንድ ወንድማችን የተወለደበት መንደር መንገድ በካርታው ላይ አልታይ ይለዋል። ገብቶ ደረጃውን ከአንክላሲፋይድ ወደ ፕራይመሪ ከፍ ያደርገዋል። ወዲያው መንገዱ ቀለም ለብሶ ከሩቅ ይታያል፤ ወንድማችንም ይደሰታል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን መዝገቡን ለሥዕሉ ሲል አበላሸው። በካርታ ሠሪዎች ዘንድ ከቀደሙት ደንቦች አንዱ ይህንን ይከለክላል፦ ለማሳያው ብለህ የተሳሳተ መለያ አትለጥፍ።

ለምን? ምክንያቱም ካርታውን የሚያነበው ዓይን ብቻ አይደለም። መንገድ መራጭ ፕሮግራሞችም ያነቡታል፤ እነሱ ቀለም አያዩም፤ ደረጃውን አይተው ፍጥነት ይገምታሉ። በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ የሆነው ኦኤስአርኤም ለመኪና በተዘጋጀው መነሻ ቅንብሩ ሌላ መረጃ ካላገኘ ለፕራይመሪ በሰዓት 65፣ ለተርሸሪ 40፣ ለአንክላሲፋይድ 25 ኪሎ ሜትር ይወስዳል። እንግዲህ እናስላው። የ50 ኪሎ ሜትር መንገድ በአንክላሲፋይድ ግምት 2 ሰዓት ይፈጃል። ደረጃው ወደ ፕራይመሪ ከፍ ከተደረገ ያው መንገድ 46 ደቂቃ ይባላል። መሬቱ አልተለወጠም፤ ጉድጓዱም አልተደፈነም። በዚህ ስሌት የጤና ኬላው «ቅርብ» ሆኖ ይቆጠራል፤ በቀጭኑ መስመር መሄድ የነበረበት አምቡላንስም በወፍራሙ ይላካል።

ተቃራኒውም እኩል ይጎዳል። ይኸው ቅንብር ትራክ የተባለን መንገድ ጭራሹኑ ለመኪና አይመርጥም። ስለዚህ እውነተኛው የቀበሌ መንገድ ትራክ ከተባለ ፕሮግራሙ «መንገድ አልተገኘም» ይላል፤ ወይም እጅግ ሩቅ ዙሪያ ያዞራል። ከፍ ማድረግም ዝቅ ማድረግም አማና ማጉደል ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱን እውነት በየቦታው ማስቀመጥ ነው። የሚያገናኘው ነገር በደረጃው፣ ንጣፉ በንጣፍ መለያው፣ የልስላሴውና የጉድጓዱ ነገር በራሱ መለያ፣ ድልድይ የሌለው የወንዝ መሻገሪያ በመሻገሪያነቱ፣ በክረምት የሚቆረጥ ከሆነም ያ ተለይቶ ይመዘገባል። ማሳያው ዛሬ ባያሳየው ነገ ያሳየዋል፤ የተበላሸ መዝገብን ግን ማንም ማሳያ አያቀናውም።

ሳተላይቱ የማያየው

እ.ኤ.አ በ2019 ፌስቡክ ከሳተላይት ምስል መንገድን በራሱ የሚለይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ለካርታ ሠሪዎች አቀረበ። ማሽኑ መስመሩን በማግኘት ጎበዝ ነው፤ ሰው ቀናት የሚፈጅበትን በደቂቃዎች ይጠቁማል። ነገር ግን ማሽኑም ሆነ ከሩቅ አገር የሚሥለው በጎ ፈቃደኛ ከሰማይ የማያዩት አለ፦ ገበያው ቅዳሜ መሆኑን፣ ባጃጅ የሚሠራው በየትኛው መንገድ እንደሆነ፣ ወንዙ በነሐሴ እንደሚሞላ፣ ሰዉ መንገዱን በምን ስም እንደሚጠራው። ለዚህ ነው የጋራ ካርታው በመሬት ላይ ያለውን እውነት ከሁሉም የሚያስቀድመው።

ይህ ዕውቀት ደግሞ ያለው ከእኛ ዘንድ ነው። ከሹፌሩ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ከነጋዴው፣ እንዲሁም በጅዳም ሆነ በዋሽንግተን ተቀምጦ ወደ ቤተሰቡ ስልክ ከሚደውለው።

እኛ ምን እናድርግ?

አካውንት መክፈት በነጻ ነው፤ ማረሚያውም በኮምፒዩተር ብራውዘር ላይ ይሠራል። የአንድሮይድ ስልክ ላለው ደግሞ «ስትሪትኮምፕሊት» የተባለው መተግበሪያ በሠፈሩ እየዞረ «የዚህ መንገድ ንጣፍ ምንድን ነው?» የሚሉ ቀላል ጥያቄዎችን ይጠይቀዋል። የሰፈራችሁን ወይም የትውልድ ቀበሌያችሁን መንገድ ስታዩ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. ይህ መንገድ ማንን ከማን ያገናኛል? ሁለት ከተሞችን፣ ሁለት መንደሮችን፣ ወይስ ቤትን ከማሳ?

2. ንጣፉ ምንድን ነው? አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ጠጠር ወይስ አፈር?

3. በክረምት ያስኬዳል? ወንዝ ካለው ድልድይ አለው?

4. መኪና ያስገባል ወይስ ለእግረኛና ለባጃጅ ብቻ ነው?

5. የአካባቢው ሰው በምን ስም ይጠራዋል?

ሦስት ጥንቃቄዎችን አትርሱ። አንደኛ፣ ከሌላ ኩባንያ ካርታ ላይ አትገልብጡ፤ የባለቤትነት መብት ያለበት ነው። ሁለተኛ፣ ያላችሁ መረጃ ከአሥር ዓመት በፊት ያያችሁት ከሆነ ከማረማችሁ በፊት እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው የሰጠውን ደረጃ ስትለውጡ ምክንያታችሁን ጻፉ፤ ካልተግባባችሁ ደግሞ ተነጋገሩ እንጂ እየተመላለሳችሁ አትሰራረዙ።

በመግቢያችን ወዳነሣነው አምቡላንስ እንመለስ። የዚያን ቀጭን መስመር እውነተኛ ደረጃ የሚያውቅ ሰው በቀበሌው ውስጥ አልጠፋም ነበር፤ በየሳምንቱ ወደ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የጎደለው ያንን ዕውቀት በትክክለኛው ቦታ የሚያስቀምጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ብቻ ነበር። ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ የተወለዳችሁበትን ቀበሌ ፈልጉ። መንገዱ አለ? ካለስ እውነቱን ይናገራል?